እንቁላሉ የመቼ ነው? አስኳሉን ሳይሆን ነጩን ጠይቁት

ደሴ ሰኞ ገበያ የእንቁላል ሻጮቹ ከተቀመጡበት ረድፍ አጠገብ ቆም ብሎ ላዳመጠ ሰው ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ገዢዋ አንዱን እንቁላል ከጭዱ ውስጥ ታነሳና ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ትነቀንቀዋለች። ሻጯ «ወላሂ፣ የዛሬ ነው» ትላለች። ገዢዋም ትቀጥላለች፦ «የሀበሻ ነው አይደል? አስኳሉስ ቢጫ ነው?»

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እኛ ግን እንደ አንድ እንቆጥራቸዋለን። አስኳሉ ደማቅ ቢጫ ከሆነ እንቁላሉ ትኩስ ነው፤ ከገረጣ ደግሞ የቆየ ነው፣ ወይም «መድኃኒት የበላች ዶሮ» እንቁላል ነው እንላለን። በዓል ሲቃረብ ወሬው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ከኮምቦልቻ የዶሮ እርባታዎች የሚመጣው እንቁላልም ያለ ጥፋቱ ይታማል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የአስኳሉ ቀለም የሚናገረው ዶሮዋ ምን እንደበላች ነው። ስለ ዕድሜው የሚመሰክረው ነጩ ነው። ሁለቱ ምስክሮች አይገናኙም፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም።

ይህን ቤት ውስጥ ሞከርኩት። ሦስት ሳህን ደርድሬ ሦስት እንቁላል ሰበርኩ። የመጀመሪያው ከሰኞ ገበያ የተገዛ የሀበሻ እንቁላል ነው። ሁለተኛው በዚያው ጠዋት ከኮምቦልቻ እርባታ የመጣ የፈረንጅ እንቁላል ነው። ሦስተኛው ከዚያው እርባታ መጥቶ ማዕድ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ሦስት ሳምንት ተረስቶ የከረመ ነው። አማቴ የትኛው ከየት እንደመጣ ሳልነግራቸው ወደ መጀመሪያው ጠቆሙ። «እንቁላል ማለት ይሄ ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አስኳሉ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ዓይን የሚስብ ቢጫ ነበር። ነጩ ግን እንደ ውሃ ሸሽቶ የሳህኑን ጠርዝ ነክቷል፤ አስኳሉም እንደ ሳንቲም ተዘርግቷል። የሁለተኛው አስኳል እንደ ክረምት ፀሐይ የገረጣ ሆኖ ሳለ ጉብ ብሎ ቆሟል፤ ነጩም ወፍራም ሆኖ ዙሪያውን አቅፎታል። የሦስተኛው አስኳል በቀለም ከሁለተኛው እምብዛም አይለይም፤ ሳህኑን እንደነካ ግን ፈረሰ።

ሦስት ሳምንት ያረጀው እንቁላል በቀለሙ የዚያን ጠዋቱን መሰለ፤ በቀለሙ ያሸነፈው ደግሞ ትኩስ አልነበረም።

አስኳሉ ቀለሙን ከየት ያመጣል?

ዶሮ ቀለም አትሠራም፤ ትለቅማለች። ቢጫውና ብርቱካናማው ቀለም ካሮቴኖይድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የሚመጣ ነው፤ እነዚህን የሚሠሩት ዕፅዋት ናቸው። በአስኳል ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሉቲንና ዚያዛንቲን ይባላሉ። ቢጫ በቆሎ፣ አልፋልፋ፣ ለምለም ሣር፣ የጎመን ቅጠል በእነዚህ የበለጸጉ ናቸው። የቅጠሉ አረንጓዴ ስለሚሸፍነው ቢጫው ለዓይን አይታይም እንጂ ውስጡ አለ። ዶሮዋ ስትበላው ከስብ ጋር ተጉዞ ወደ አስኳሉ ይገባል፤ አስኳል ራሱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሆኖ ከቀረው አብዛኛው ስብ ነውና።

ይህ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በመስከረም ላሟ ለምለም ሣር ስትግጥ ቅቤው ቢጫ ይሆናል፤ በበጋ ደረቅ ጭድና ገለባ ስትበላ ደግሞ ይነጣል። የነጣውን ቅቤ አይተን ላሟ ታማለች አንልም። የእንቁላሉም ነገር በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

አሁን የእርባታውን መኖ እንመልከት። በአገራችን የሚመረተው በቆሎ አብዛኛው ነጭ ነው። ነጭ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ነጭ ማሽላና ፍሩሽካ ለዶሮዋ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ቀለም ግን የላቸውም ማለት ይቻላል። ከኑግ ወይም ከአኩሪ አተር የሚገኘው ፋጉሎ ፕሮቲን ይጨምራል፤ እሱም ቢጫ አያመጣም። ስለዚህ በሚገባ የተቀለበች፣ ጤነኛ የሆነች፣ በዓመት 280 እና ከዚያ በላይ እንቁላል የምትጥል የእርባታ ዶሮ አስኳሏ ገርጥቶ ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም። በአንጻሩ የገጠሯ ዶሮ ከበረት ጀርባ ሣሩን፣ ትሉን፣ የጎመኑን ግርድ ስትለቅም ትውላለች። በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው፤ ያገኘችው ቀለም በጥቂት እንቁላል ላይ ያርፋል።

አስኳል በአንድ ሌሊት የሚሠራ አይደለም። ዶሮዋ ውስጥ ሆኖ በተለይ በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ገደማ በፍጥነት ይፋፋል፤ ቅርፊቱን ጨምሮ የቀረው ክፍል የሚሠራው ግን አንድ ቀን ያህል በሚሆን ጊዜ ነው። ለዚህም ነው መኖ ከተቀየረ በኋላ የአስኳሉ ቀለም ሙሉ በሙሉ እስኪለወጥ ሁለት ሳምንት ገደማ የሚወስደው። ከጓሮ አንዲት ዶሮ ያለው ሰው ይህን ራሱ ሊያየው ይችላል፦ ዛሬ አልፋልፋ ወይም የጎመን ቅጠል መስጠት ይጀምር፤ ነገ ለውጥ አይጠብቅ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን እንቁላሉን ሰብሮ ይየው።

ገረጣ ማለት ምግብነቱ አነሰ ማለት ነው?

በፕሮቲን አይደለም፤ በስብም አይደለም። አንድ መካከለኛ እንቁላል ስድስት ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ይህ በቀለሙ አይለወጥም። ቫይታሚን ኤ ደግሞ በአስኳሉ ውስጥ ባለው መልኩ ይህ ነው የሚባል ቀለም የለውም፤ የእርባታ መኖ ላይ ለብቻው ስለሚጨመር የገረጣ አስኳል በቫይታሚን ኤ የተሟላ ሊሆን ይችላል። ደማቁ አስኳል በእውነት የሚበልጠው በራሱ በቀለሙ ነው፤ ሉቲንና ዚያዛንቲን በሰው ዓይን ብሌን ጀርባ የሚከማቹና ለዓይን የሚጠቅሙ ናቸው። ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም፤ ግን «የገረጣው ባዶ ነው» ለማለት አያበቃም።

የቅርፊቱ ቀለም ነገር ከዚህም የቀለለ ነው። ቡናማ ወይም ነጭ መሆኑ የዶሮዋ ዝርያ ጉዳይ ነው፤ ቡናማው ቀለም እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሰዓታት ከላይ የሚቀባ ነው። ከመኖ ጋርም ከትኩስነት ጋርም አይገናኝም።

ታዲያ ቀለሙን ማስመሰል ይቻላል?

ይቻላል፤ በዓለም ላይ የተለመደ ሥራ ነው። መኖ አምራቾች የአስኳል ቀለም የሚለኩበት ከ1 ጀምሮ ቁጥር የተሰጠው፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ የቀለም መለኪያ አላቸው፤ ከገረጣ ቢጫ ተነስቶ እስከ ጥቁር ብርቱካናማ ይደርሳል። ገዢው የሚወደው ቁጥር ተመርጦ መኖው በዚያው ልክ ይቀመማል። ለዚህ የሚውለው የማሪጎልድ አበባ ጭማቂ ወይም በፋብሪካ የተሠራ ካሮቴኖይድ ነው። ሌላም አለ፤ ይህኛው እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው፦ በርበሬ።

የበርበሬ ቅላት ካፕሳንቲን የሚባል ካሮቴኖይድ ነው፤ መኖ ውስጥ ሲገባ አስኳሉን ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ከበዛም ወደ ቀይ ይወስደዋል። ዶሮዋ ትቃጠላለች ብሎ የሚያዝን አይጥፋ፤ አእዋፍ የበርበሬን ማቃጠል አይሰማቸውም። እኛን የሚያስነጥሰን ንጥረ ነገር የሚነካው የሕዋስ በር በእነሱ ላይ ምላሽ አይሰጥም። የዱር ቃሪያን ፍሬ ወፎች እየበሉ ዘሩን የሚበትኑትም ለዚህ ነው። የሻገተ በርበሬ ግን ለሰው የማይሆነውን ያህል ለዶሮም አይሆንም፤ «ለዶሮ ነው» ተብሎ የሻጋታ ማራገፊያ እንዳይሆን።

ካሮት ደግሞ ያሳፍራል። ብዙ ሰው «ካሮት ስጧት፣ ቢጫ ይሆናል» ይላል። የካሮቱን ቀለም ዶሮዋ በአብዛኛው ወደ ቫይታሚን ኤ ለውጣ ትጠቀምበታለች፤ ወደ አስኳሉ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ከአንድ ኪሎ ካሮት አንድ እቅፍ ሣር ይሻላል።

ከቀለም ሁሉ ሊያሳስብ የሚገባው ወደ ወይራ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላው ነው። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ በዶሮ መኖ ውስጥ ከበዛ አስኳሉን፣ በተለይ እንቁላሉ ሲቆይ፣ እንዲህ ያጠቁረዋል። ለከብት የሚሆን ፋጉሎ ሁሉ ለዶሮ አይሆንም የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ትኩስ ማለት ታዲያ ምን ማለት ነው?

የእንቁላል ቅርፊት እንደ ድንጋይ የተደፈነ ይመስላል እንጂ ከ7,000 እስከ 17,000 የሚደርሱ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። በእነዚህ ሁለት ነገር ይወጣል፦ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ። እርጅና ማለት ይኸው ነው።

መጀመሪያ ጋዙን እንይ። አዲስ የተጣለ እንቁላል ያልተከፈተ አምቦ ውሃ ማለት ነው፤ ነጩ ውስጥ ጋዝ ታምቋል። ትኩስ እንቁላል ሲሰበር ነጩ ትንሽ ደመና ያዘለ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው «ደፈረሰ» ብሎ የሚጥለው በእርግጥ የትኩስነት ምልክት ነው። ቀናት ሲያልፉ ጋዙ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ ይተናል። ነጩም ይጠራል። ጋዙ ሲወጣ ነጩ ከአሲድ ባሕርይ ይበልጥ ይርቃል፤ በፒኤች መለኪያ 7.6 ገደማ የነበረው ወደ 9 እና ከዚያ በላይ ይወጣል። ይህ ለውጥ ወፍራሙን ነጭ እንደ ጄሊ አስተሳስሮ የያዘውን ፕሮቲን ያላላዋል። ወፍራሙ ነጭ ቀጠነ፤ እንቁላሉ ተዘረጋ።

አስኳሉም አይተርፍም። ዙሪያውን የያዘው ስስ ከረጢት ይደክማል፤ ከነጩ ውሃ ይስባል፤ ጉብ ያለው ይጠፈጠፋል፤ በመጨረሻ ሲሰበር አብሮ ይፈርሳል።

ሙያተኞች ይህን በቁጥር ይለካሉ። ሬይመንድ ሃው የተባለ አሜሪካዊ በ1937 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ዘዴ እንቁላሉ ይመዘናል፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይሰበራል፣ የወፍራሙ ነጭ ከፍታ ይለካል፤ ሁለቱ ተሰልተው የሃው መለኪያ የሚባል ቁጥር ይወጣል። በአሜሪካ ደረጃ 72 እና ከዚያ በላይ ያለው አንደኛ ነው፤ ከ60 በታች ያለው ዝቅተኛ ነው። ልብ ይሏል፤ በዚህ ስሌት ውስጥ የአስኳሉ ቀለም ቦታ የለውም።

እቤት ግን መለኪያ አያስፈልግም፤ ጠፍጣፋ ሳህን ይበቃል። ችግሩ እኛ እንቁላል ጥብስ ስንሠራ ከሽንኩርቱና ከቃሪያው ጋር አማስለን ማስረጃውን ሁሉ ማጥፋታችን ነው።

ሳይሰበር እንዴት ይታወቃል?

ውሃውም ይወጣል ብያለሁ። ዶሮዋ እንቁላሉን ስትጥል የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ትንሽ ይሰበሰባል፤ በድቡልቡሉ ጫፍ በኩል አየር ይገባና በሁለቱ ስስ ሽፋኖች መካከል ትንሽ የአየር ኪስ ይፈጠራል። ከዚያ ውሃው ሲተን ኪሱ ይሰፋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ ቀስ በቀስ አየርም ይሞላል።

የውሃው ሙከራ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ጥልቅ ባለ ዕቃ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው እንቁላሉን ቀስ አድርገው ያስገቡት። ታች ወርዶ በጎኑ ከተኛ ትኩስ ነው። ታች ሆኖ ድቡልቡል ጫፉን ወደ ላይ ካነሳ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ይበላል። ከተንሳፈፈ ብዙ ቆይቷል። ሆኖም የተንሳፈፈ ሁሉ የገማ አይደለም፤ ደረቅ ቦታ የከረመ እንቁላል ውሃው ተንኖ ሊንሳፈፍ ይችላል። የሰመጠ ሁሉም ደህና አይደለም፤ ሙከራው አየርን ይቆጥራል እንጂ ተህዋስያንን አያይም። የመጨረሻው ዳኛ አፍንጫ ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ስኒ ውስጥ መስበር፣ ከዚያ ወደ መጥበሻው መገልበጥ። አንዱ የገማ ዘጠኙን ደህና ይዞ እንዳይሄድ።

ገዢዋ በጆሮዋ የምታደርገውስ? መሠረት አለው። ያረጀ እንቁላል ነጩ ስለሚቀጥንና ኪሱ ስለሚሰፋ ሲነቀነቅ ይንቦጫረቃል። ግን የሚይዘው በጣም ያረጀውን ብቻ ነው፤ የአንድ ቀኑንና የአሥር ቀኑን አይለይም። በዚያ ላይ በኮረኮንች መንገድ ብዙ የተንገጫገጨ ትኩስ እንቁላል የአየር ኪሱ ተላቆ ሊንቦጫረቅ ይችላል። ሻጯ «አትነቅንቂብኝ» ስትል ሁልጊዜ የምትደብቀው ነገር ኖሯት አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው ብርሃን ነው። እናቶች እንቁላሉን በእጃቸው ጠቅልለው በፀሐይ ትይዩ የሚያዩት ይህንኑ ነው። ዛሬ የስልክ ባትሪ ሥራውን ያቀለዋል፦ ክፍሉን አጨልሞ የእንቁላሉን ድቡልቡል ጫፍ በብርሃኑ ላይ ማስቀመጥ። የአየር ኪሱ እንደ ጥላ ክበብ ይታያል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለገበያ በሚቀርበው አንደኛ ደረጃ እንቁላል ላይ የኪሱ ከፍታ ከ6 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል፤ «እጅግ ትኩስ» ለሚባለው ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ነው። የሀበሻው እንቁላል ቅርፊቱ ነጣ ስለሚል በደንብ ያሳያል፤ ቡናማው ትንሽ ያስቸግራል።

ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ ምን ይለወጣል?

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ግን ሌላ አየር ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። ለእንቁላል ዕድሜ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ሙቀቱ ይወስናል። ጋዙም ውሃውም በሙቀት ፈጥነው ይወጣሉ፤ ኮምቦልቻ በግንቦት ፀሐይ ደጅ የተሰጣ እንቁላል በጥቂት ቀን የሚያረጀውን፣ ደሴ ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ከብዙ ቀን በኋላም አያረጅም። አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የመጣ እንቁላል ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ እያለ ሲሄድ ጽንሱ ሳይታቀፍም ሊንቀሳቀስ ይጀምራል። የእርባታዎቹ ዶሮዎች አውራ ስለማይኖራቸው ይህ አይመለከታቸውም።

ሁለተኛው ለውጥ ድስቱ ላይ ነው። ውሃ ኮምቦልቻ ላይ 94 ዲግሪ፣ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ «ይህን ያህል ደቂቃ ቀቅሉ» የሚል መመሪያ ደሴ ላይ አስኳሉን ያልበሰለ ያስቀረዋል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ መጨመር ነው።

የፋሲካው እንቁላል ሲላጥ ለምን ይገነጣጠላል?

ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፦ ለእንግዳ የሚቀርበው እንቁላል ልስልስ ብሎ መውጣት ሲገባው ነጩ ከቅርፊቱ ጋር ተቦጭቆ ይወጣል። ይሄኔ «የተበላሸ ሸጡልኝ» ይባላል። ተቃራኒው ነው፤ እንቁላሉ ከመጠን በላይ ትኩስ ነው። ጋዙ ገና ያልወጣ ነጭ ሲቀቀል ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ሳምንት አልፎት ጋዙ ሲቀንስ ይላቀቃል። ለጥብስ የዛሬውን፣ ለዶሮ ወጥ የባለፈውን ሳምንት እንቁላል መያዝ ብልህነት ነው። በሁዳዴ ክርስቲያኑ ገዢ ስለሚቀንስ እንቁላል ሊከርም ይችላል፤ ለፋሲካ ዋዜማ የሚላጠው እንቁላል መልካም መሆኑ ከፊሉ የዚህ ውለታ ይሆናል። ትኩስ ብቻ ከተገኘ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ከመጀመር ይልቅ በፈላ ውሃ ውስጥ መክተት፣ ሲበስል ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ይረዳል።

አስኳሉን የሚከበው አረንጓዴ ቀለበትም መርዝ አይደለም። ብዙ ሲቀቀል ከነጩ የሚወጣው ድኝ ያለበት ጋዝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ነው። መቀቀያውን ማሳጠር ነው መድኃኒቱ።

ደሙና ነጩ ክርስ?

አስኳሉ ላይ የምትታይ የደም ነጠብጣብ የጫጩት መጀመሪያ አይደለችም፤ እንቁላሉ ሲሠራ በዶሮዋ ውስጥ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ፈንድታ የቀረች ናት፤ አውራ በሌለበት እርባታም ትታያለች። የተጠማዘዘው ነጭ ክር ደግሞ ትል አይደለም፣ እትብትም አይደለም። አስኳሉን እንደ ጀልባ ገመድ ከሁለት ወገን ወጥሮ መሐል የሚያቆመው ነው። ጠንክሮ ከታየ እንቁላሉ ትኩስ ነው።

ታጥቦ ይቀመጥ?

ሲያመጡት አይታጠብ። ዶሮዋ ስትጥለው ቅርፊቱን የሚሸፍን ስስ ልባስ አለው፤ ቀዳዳዎቹን የሚዘጋው እሱ ነው። ውሃ ሲያነሳው ለጀርም በር ይከፈታል። ኩሱ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ መታጠብ ካለበት ሊሰበር ሲል ይታጠብ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ እዚያው ይቆይ፤ እየወጣ እየገባ ሲያልበው እርጥበቱ ጀርሙን ወደ ውስጥ ይስባል። አቀማመጡ ሹል ጫፉ ወደ ታች ነው፤ የአየር ኪሱ ላይ ሆኖ አስኳሉ ከሱ ይርቃል።

አንድ ጉዳይ ሳይነሳ አይታለፍም። ትኩስ ማለት ከሳልሞኔላ ነፃ ማለት አይደለም። ይህ ባክቴሪያ ዛሬ በተጣለ፣ አስኳሉም ወርቅ በመሰለ እንቁላል ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ውሃውም ባትሪውም አያሳዩትም። የሚገድለው እሳት ነው። ጥሬ እንቁላል ከወተት ጋር ለሳል፣ ወይም ጉልበት ይሰጣል ተብሎ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት መስጠት አደጋ አለው፤ ነጩም አስኳሉም እስኪጠነክር ይብሰል።

በቀጣዩ ሰኞ ወደዚያው ረድፍ ተመለስኩ። ያቺን ደማቅ ቢጫ የሸጡልኝ እናት ቅርጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ስለ ቀለሙ አልጠየቅኳቸውም። «እማማ፣ እነዚህ የመቼ ናቸው?» አልኳቸው። ፈገግ አሉና በጣታቸው ቆጠሩልኝ። «ልጄ፣ ያለችኝ አንዲት ዶሮ ናት፤ እሷም በየቀኑ አትጥልም። እዚህ ያሉት 11 ናቸው። እንግዲህ አንተው አስላው።»